ለ150 እንግዳ ብርዝና ቀሪቦ፦ "አልኮል የለውም" ስንል በእርግጥ እንዳይኖረው ምን ይደረግ?

የሙሽራዋ እህት ጠየቀች

ሰላም ለሁላችሁ። በጥር ማብቂያ ለሚደረግ ሠርግ የመጠጡን ነገር የያዝኩት እኔ ነኝ። እንግዳው 150 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አልኮል አይቀምስም። ሙስሊም ጎረቤቶች አሉ፣ ፕሮቴስታንት ዘመዶች አሉ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ መድኃኒት ላይ ያሉ፣ መኪና ይዘው የሚመጡ አሉ። ከዚህ ሁሉ ውጭ ደግሞ "ትቻለሁ" ብለው ብቻ የሚያልፉ ወጣቶች በዝተዋል። ስለዚህ ጠጁና ቢራው በልክ ይሁን፣ ዋናው የድግስ መጠጥ ግን ብርዝና ቀሪቦ ይሁን ብለን ተስማምተናል። ለስላሳ በሳጥን ደርድሮ "የማይጠጡ ወዲያ ማዶ" ማለት አልፈለግንም።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ብርዝ ካደረ ያሰክራል ይባላል፤ ከስንት ሰዓት በኋላ ነው ጠጅ መሆን የሚጀምረው? ቀሪቦ እርሾ እየገባበት እንዴት ነው አልኮል የለውም የሚባለው? የጠጅ ጋን በደንብ ታጥቦ ለብርዝ ይሆናል? ጠጁን እሳት ላይ አፍልቶ አልኮሉን ማስወጣት ይቻላል የሚሉም አሉ። ለ150 ሰው ስንት ኪሎ ማር ይበቃል? አሳላፊዎቹስ እንዴት ቢያቀርቡት ነው ማንም እንግዳ የማያፍረው?

እርሾና ስኳር መለሰ

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። በእኛ አነጋገር ድስቱም "ይፈላል"፣ ጠጁም "ይፈላል"፤ ብዙው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። እዚህ ላይ እሳቱ የሚያደርገውን መንተክተክ፣ እርሾው የሚያደርገውን መብላላት እለዋለሁ።

እርሾ ስኳር ሲበላ ግማሹን ያህል ወደ አልኮል፣ ግማሹን ያህል ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ በ1 ሊትር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር ከተበላ መጠጡ 1 በመቶ አልኮል ይይዛል። በብዙ አገር "አልኮል አልባ" ለሚባል መጠጥ ጣሪያው 0.5 በመቶ ነው። እዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገው 8 ግራም፣ ማለትም ሁለት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር በሊትር ብቻ ነው።

አሁን ብርዙን በዚህ ሒሳብ እይው። በ1 ሊትር 120 ግራም ማር ካለ፣ ማር ከመቶ 80 ያህሉ ስኳር ስለሆነ፣ 96 ግራም ስኳር አለ ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ቢብላላ 5.5 በመቶ፣ ማለትም ቢራ ያህል ይሆናል። እርሾውን ማንም መጨመር አያስፈልገውም፤ ማሩ ራሱ ይዞት ይመጣል። ማሩ ወፍራም ሆኖ ሳለ እርሾው ተኝቶ ይቆያል፤ ውሃ ሲያገኝ ይነቃል። ሰፈፍና የአበባ ዱቄት ያለበት ያልተጣራ ማር ደግሞ እርሾው ብዙ ነው። ስለዚህ "ከስንት ሰዓት በኋላ" ለሚለው አንድ ቁርጥ ያለ መልስ የለም። በንጹሕ ዕቃ፣ በቀዝቃዛ ቦታ አንድ ቀን ምንም ላይሆን ይችላል፤ በጠጅ ዕቃ፣ ሞቅ ባለ ማድቤት ደግሞ አድሮ ጠዋት ላይ ጀምሮ ሊገኝ ይችላል።

ጋኑን ተይው። ሸክላ ትናንሽ ቀዳዳ አለው፤ እርሾው እዚያ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ማጠብም፣ በወይራ ማጠንም አያወጣውም። ጠጅ ጠማቂ ጋኑን የሚወደው ለዚሁ ነው፣ አንቺ የምትሸሺውም ለዚሁ ነው። የማይዝግ ብረት ድስትና አዲስ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ተጠቀሚ። ጀሪካኑን በሳሙና ካጠብሽ በኋላ በ4 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምረሽ 5 ደቂቃ ዘፍዝፊው፤ ከዚያ አፍልተሽ ባቀዘቀዝሽው ውሃ አለቅልቂው። ክዳኑን አትርሺ፤ በአብዛኛው የሚረሳው የክዳኑ ጥርስ ነው።

መጠኑ፦ ለአንድ ሰው 3 ብርጭቆ ባለ 200 ሚሊ ሊትር ብንይዝ ለ150 ሰው 90 ሊትር ነው፤ 100 አድርጊው። ለ100 ሊትር 12 ኪሎ ማር ይበቃል። ሁሉንም አንድ ላይ በጥብጠሽ 100 ሊትር ማሳደር ግን አይቻልም፤ ማቀዝቀዣም አይበቃሽም። ወፍራሙን አስቀድመሽ አዘጋጂ፣ ቀሪውን ውሃ በዕለቱ ጨምሪ።

25 ሊትር ውሃ አንተክትኪ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚንተከተከው ከፍታው ምክንያት ሆኖ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ድስቱን ከእሳት አውርጂና ወዲያው 12 ኪሎውን ማር ጨምረሽ አማስዪ። ቀዝቃዛው ማር ሲገባ ጠቅላላው ወደ 75 ዲግሪ ይወርዳል፤ ይህ በትክክል የምንፈልገው ነው። ክደኚና 15 ደቂቃ ተይው። እርሾው ይሞታል፣ የማሩ ሽታ ግን አይጠፋም። ማሩን ከውሃው ጋር አብረሽ ብታንተከትኪው እርሾው ይሞታል፣ ሽታው ግን አብሮ ይሄዳል፤ የቀለጠ ስኳር ብቻ ነው የሚቀርሽ። በላይ የሚንሳፈፈውን ሰፈፍ ግፈፊና በንጹሕ ጨርቅ አጥልዪው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሩጫ ነው። ባለ 10 ሊትር ድስቶች ላይ ከፋፍለሽ በረዶ ያለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ አስቀምጪ፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ20 ዲግሪ በታች መውረድ አለበት። ሲቀዘቅዝ 1.5 ሊትር የተጣራ የሎሚ ጭማቂ ጨምሪበት። ጠቅላላው 35 ሊትር ይሆናል፤ ሰባት ጀሪካን ነው። በ4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። በዕለቱ ለእያንዳንዱ ጀሪካን 9 ሊትር ከሩብ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሪ። ውሃው ወይ የታሸገ ወይ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ካደረግሽው ብርዙ ምላስ ላይ ይነሳል፤ ይህ ጋዝ ከእርሾ ያልመጣ ስለሆነ አልኮል አላስከተለም።

ማረጋገጫውን ሳልነግርሽ አላልፍም። ሃይድሮሜትር የምትባለዋን የመስታወት ተንሳፋፊ መለኪያ አግኚ። ብርዙን በቀጭን ረጅም ዕቃ ቀድተሽ ስትጥያት ወዛወዝ ብላ ትቆማለች፤ የውሃው መስመር የነካውን ቁጥር ታነቢያለሽ። 120 ግራም ማር ያለው ብርዝ 1.037 አካባቢ ያሳያል። ስኳሩ እየተበላ ሲሄድ ቁጥሩ ይወርዳል። 1.033 ከደረሰ 0.5 በመቶ አልኮል ገብቷል ማለት ነው። ሁለቱንም ንባብ በ20 ዲግሪ ሙቀት ውሰጂ፤ ጋዝ ካለው አስቀድመሽ ደጋግመሽ ከዕቃ ወደ ዕቃ ገልብጪው፤ አለበለዚያ አረፋው መለኪያዋን ከፍ ያደርጋትና ያሳስትሻል። አምቦ የምትጨምሪ ከሆነ ለመለኪያው የሚሆነውን ናሙና በአምቦው ምትክ በተራ ውሃ አቅጥነሽ ለኪ።

መለኪያ ካልተገኘ ፊኛ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ጀሪካን 1 ሊትር ወደ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቅጂና አፉ ላይ ፊኛ ወጥሪ፤ ማድቤት ውስጥ አቆዪው። ፊኛው አንገቱን ደፍቶ ከቆየ ደህና ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ በዚያ ጀሪካን ውስጥ ሕይወት ያለው እርሾ አለ።

ጠጁን አንተክትኮ አልኮሉን ማስወጣት ስለሚሉት፦ አታድርጉት። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሠንጠረዥ እንደሚያሳየው አልኮል የተቀላቀለበት ምግብ 30 ደቂቃ በዝግታ ሲበስል ከአልኮሉ 35 በመቶ ያህሉ ይቀራል፤ ከ1 ሰዓት በኋላም 25 በመቶው አለ። 10 በመቶ የነበረ ጠጅ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አሁንም ከ3 በመቶ በላይ ነው። እንፋሎቱም እሳት ይይዛል። ፋብሪካዎች አልኮል የሚያወጡት አየር በተመጠጠበት ጋን ውስጥ ነው፤ ግፊቱ ስለሚቀንስ አልኮሉ በ40 ዲግሪ አካባቢ ይተናል፣ ጣዕሙም አይበስልም። ያንን በቤት ድስት ማስመሰል አይቻልም።

ደረቆት መለሰች

የቀሪቦውን እኔ ልያዝ። አንዳንዱ ቀነቶ ይለዋል።

ለ10 ሊትር 800 ግራም ገብስ፣ 11 ሊትር ተኩል ውሃ፣ 600 ግራም ስኳር፣ የ4 ሎሚ ጭማቂ። ገብሱ ይለቀም፣ ይታጠብ፣ ይድረቅ፤ ከዚያ በምጣድ ይቆላ። ጣፋጩም መራራውም የሚወሰነው እዚህ ነው። አንዷን ፍሬ ነክሰሽ እያት፦ ውጭው ጥቁር ቡናማ፣ ውስጡ ደግሞ ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን አውርጂ። ውስጡም ከጠቆረ አመድ አመድ ይላል፤ ስኳር ብትጨምሪበትም አይድንም። ገብሱን አትፍጪው፣ አትሸክሽኪውም። ዱቄት ከወጣው ውሃው ይደፈርሳል፣ ታቹም ላይ እንደ አጥሚት ይተኛል።

25 ደቂቃ አንተክትኪ፣ በጨርቅ አጥልዪ፣ ስኳሩን በትኩሱ አሟሚ፣ በፍጥነት አቀዝቅዢ፣ ሎሚውን በመጨረሻ ጨምሪ። ያለ እርሾ የሚቀርብ ከሆነ ግማሽ በግማሽ ወፍራም አድርገሽ ሥሪው፤ ማለትም ያንኑ ገብስና ስኳር በ6 ሊትር ተኩል ውሃ አንተክትኪ፤ ስትቀጂ በእኩል አምቦ ውሃ ቀጥኚው።

ማቀዝቀዙን የምደጋግመው በምክንያት ነው። እህል ላይ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች መንተክተክን ተቋቁመው ይቆያሉ፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ካደሩ ይነቃሉ። ጠዋት ላይ የሚዝለገለግ ቀሪቦ ከተገኘ ከዚያ ነው፤ ይደፋ። ሎሚው ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ኮምጣጣነቱ እነዚያን ይገታል።

ጠጅ የለመደ እንግዳ ብርዝ ሲቀርብለት "የስኳር ውሃ ነው" የሚለው ሦስት ነገር ስለሚያጣ ነው፦ መራራነት፣ ኮምጣጣነትና ጉሮሮ የሚያሞቅ ነገር። ሎሚው አንዱን ሞላ። መራራነቱን ከራሱ ከጌሾ ማግኘት ይቻላል። ለ100 ሊትር 200 ግራም ደረቅ የጌሾ ቅጠል በ25 ሊትሩ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ አንተክትኪና ቅጠሉን አጥልለሽ ካወጣሽ በኋላ ማሩን ጨምሪ። ጌሾ ጥሬውን ሲገባ ነው እርሾ የሚያመጣው፤ የተንተከተከ ጌሾ መራራነቱን ብቻ ይሰጣል። ለሙቀቱ ደግሞ 300 ግራም ዝንጅብል ተወቅጦ አብሮ ይንተክተክ። መጀመሪያ በ1 ሊትር ሞክሪው፤ ጌሾ ከቦታ ቦታ መራራነቱ ይለያያል።

የድሮ ጠማቂ መለሱ

ልጆቼ፣ ያላችሁት ሁሉ ደህና ነው። ግን እርሾ ያልነካው ቀሪቦ የገብስ ሻይ ነው። የቀሪቦ ጣዕሙ ያቺ በአንድ ሌሊት የምትመጣው መነሳትና የዳቦ ሽታ ናት። የሚያውቅ ሰው በአንድ ጉንጭ ይለየዋል። አምቦ ውሃ እሱን አይተካም።

እርሾና ስኳር መለሰ

አባባ፣ እውነትዎን ነው፤ ጣዕሙ በእርግጥ ከእርሾው ነው። ችግሩ የተለመደው አሠራር ስኳሩን በሙሉ ከእርሾው ጋር አንድ ላይ ማስገባቱ ነው። በሊትር 60 ግራም ስኳር እያለ የት ላይ እንደሚያቆም የሚወስነው እርሾው ነው። ደግሞም ጋዝና አልኮል መንታ ናቸው፦ በእርሾ ብቻ እንደ ለስላሳ መጠጥ የሚፍለቀለቅ ቀሪቦ 0.9 በመቶ ያህል አልኮል ይዟል። አረፋው ሲያምር አልኮሉም አብሮ አድጓል።

ግን ሁለቱንም የሚያስታርቅ መንገድ አለ። እርሾው የሚበላውን ስኳር መጥነን እንስጠው፣ የሚጣፍጠውን ስኳር ግን እንደብቀው።

10 ሊትር የገብስ ውሃ፣ ስኳር የሌለው፣ ተንተክትኮ የቀዘቀዘ። 80 ግራም ስኳር ብቻ ይግባበት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾም ይጨመር። በፕላስቲክ ጠርሙስ ከአፉ 5 ሳንቲ ሜትር አጉድሎ ቀድቶ በደንብ መክደን። በ22 ዲግሪ አካባቢ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ይደር። ጠርሙሱ ሲጨበጥ ድንጋይ ሲሆን ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ። እርሾው ያገኘውን ሁሉ ቢበላ እንኳ አልኮሉ ከ0.5 በመቶ አያልፍም፤ የሚበላው ሌላ ነገር የለም፤ የተቆላ ገብስ ስታርች እንጂ ይህ ነው የሚባል ስኳር የለውም። ቀሪው 520 ግራም ስኳር በግማሽ ሊትር ውሃ ተንተክትኮ ይቀዝቅዝ፤ የሚጨመረው ሊቀርብ ሲል፣ በማሰሮ ጠርዝ ቀስ ተብሎ ነው፤ ከተደፋበት አረፋው ገንፍሎ ይወጣል። ከተጨመረ በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ በቀዝቃዛው ይጠጣ፤ እርሾው አሁንም በውስጡ አለና።

ሁለት ጥንቃቄ፦ ብቅል አይግባበት። ብቅል ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጠዋል፣ ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል። የመስታወት ጠርሙስም አይሁን፤ አንድ ሰው ተሳስቶ ስኳሩን በሙሉ ካስገባ መስታወቱ ይፈነዳል።

ይህኛው ግን "ዜሮ" አይደለም፤ "ከ0.5 በታች" ነው። ለሙስሊም እንግዶችና ለነፍሰ ጡሮች ያለ እርሾ የተሠራው ይቅረብ፣ ዕቃውም ከመጀመሪያው የተለየ ይሁን።

የማታ ተረኛ ነርስ መለሰች

ይህ ልዩነት ተራ ነገር ስላልሆነ ልጨምርበት። በእርግዝና ጊዜ "ይህን ያህል አልኮል ችግር የለውም" የሚባል መጠን አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮም በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ለማንም ሰው ከጉዳት ነጻ የሆነ የአልኮል መጠን የለም ብሏል፤ አልኮል ካንሰር አምጪ ከሚባሉት የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ የገባው ደግሞ በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን የኢንፌክሽን መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን እየወሰደና ከጨረሰ በኋላ ቢያንስ 2 ቀን አልኮል እንዳይወስድ ይመከራል። ድግስ ላይ ሰው ይህን ሁሉ ለአሳላፊ አይናገርም። ስለዚህ "የለውም" ከተባለ አይኑርበት።

ስኳሩን ደግሞ እዩት። ከላይ በተጻፈው ልክ 200 ሚሊ ሊትር ብርዝ 19 ግራም፣ ቀሪቦው 12 ግራም ገደማ ስኳር አለው። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ሦስት ብርጭቆ ብርዝ ብዙ ነው። ምንም ስኳር የሌለው አንድ መጠጥ ይኑር፦ የሱፍ ውሃ በጣም ጥሩ ነው። ሱፉ ተንተክትኮ፣ ተወቅጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ተጨምቆ ሁለት ጊዜ ይጠለላል፤ ትንሽ ጨው ብቻ። ጠዋት ተሠርቶ እስከ ማታ ይለቅ፣ አይደር። ማር ያለበት ነገር ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይቀመስ፤ 75 ዲግሪ እርሾውን ቢገድልም ሕፃን ሆድ ውስጥ መርዝ የሚያመጣውን የባክቴሪያ ዘር አይገድልም።

ከሠርጉ ውጭ የሆነ ግን መባል ያለበት፦ ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ዘመድ "ከዛሬ ጀምሮ ብርዝ ብቻ" ብሎ በድንገት እንዲያቆም አታበረታቱ። ካቆመ ከ6 ሰዓት ያህል በኋላ መንቀጥቀጥ፣ በሁለት ቀን ውስጥ መንፈራገጥ፣ ከዚያም መቃዠት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ይገድላል። በሐኪም እየታየ ነው የሚያቆመው። አቁሞ ለቆየ ሰው ደግሞ አልኮል የሌለው ቢራ አትስጡት፤ ጠርሙሱና ሽታው ራሱ አምሮቱን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ብርዝ ወይም ሱፍ ይሻላል።

አሳላፊ መለሰ

ስለ አቀራረቡ። "ጠጣ እንጂ፣ በሞቴ፣ ይህቺን ብቻ" ማለት የፍቅር ቃል ነበር፣ አሁንም ነው። ግን ሰውየው እምቢ ሲል ጠረጴዛው ሁሉ ዞሮ ያየዋል፤ ከዚያ "ምነው፣ አመመህ?" ይከተላል። አንዲት ሙሽራ ያገባች በሁለተኛው ወር ብርሌ ስትመልስ ምን እንደሚባል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አሳላፊ ማሠልጠን ያለባችሁ ለዚህ ነው፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

አሳላፊው "ትጠጣለህ?" ብሎ አይጠይቅ። "ብርዝ ላድርግልዎ ወይስ ጠጅ?" ይበል፣ ብርዙን አስቀድሞ። መጀመሪያ የተጠራው የቤቱ ዋና መጠጥ ይመስላል፤ የተጠየቀውም ሰው ከሁለት ነገር መረጠ እንጂ አንዱን እምቢ አላለም። በሞቴ ለምግቡ ይቀመጥ፤ ጉርሻው አለ።

ብርዝም በብርሌ ይቅረብ። ከጥንትም በግብር ላይ ጠጅ ለማይጠጣ ሙስሊም እንግዳ ብርዝ ይቀዳለት ነበር፤ የማክበሪያ መጠጥ ነው፤ በፕላስቲክ ኩባያ አታዋርዱት። አደጋው ግን ሁለቱም በብርሌ ሲሆኑ ቀለማቸው አንድ መሆኑ ነው። መፍትሔው ክር ነው። የብርዙን ብርሌ ሁሉ አንገቱ ላይ ነጭ የጥጥ ክር ሁለት ዙር አሥራችሁ ቋጥሩት። እንግዳው ጣቱን አንገቱ ላይ ሲያሳርፍ ክሩ ይነካዋል፤ በጨለማ ድንኳን ውስጥም ይለየዋል፤ ከሩቅ ለሚያይ ግን ሁሉም ብርሌ ነው። ባለ ክሩ ብርሌ ጠጅ አይቀዳበት፣ ባዶም ቢሆን። ማጠቢያውም ሁለት ሳፋ ይሁን፦ የጠጁ ለብቻ፣ የብርዙ ለብቻ። ለሙስሊም እንግዶች ሥጋው የሚለየውን ያህል መጠጡም ከነዕቃው መለየት አለበት፤ የሚቀዳውም ሰው የተለየ ቢሆን ጥሩ ነው።

ለቶስት ሁሉም ሰው ብርዝ ያንሳ። በዚያች ደቂቃ አንድ መጠጥ ብቻ ካለ ማን ጠጪ፣ ማን አይደለም የሚል ነገር አይኖርም።

ፍራንክፈርት መለሰች

ውጭ አገር ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ፣ መለያው ላይ ያለው ቃል ከአገር አገር አንድ አይደለም። ጀርመን ውስጥ "አልኮሆልፍራይ" የሚል ጠርሙስ እስከ 0.5 በመቶ ሊኖረው ይችላል። አሜሪካ ውስጥ "ነን አልኮሆሊክ" ማለት ከ0.5 በታች ነው፤ "አልኮሆል ፍሪ" የሚለው ግን ምንም የሌለው ነው። በቃሉ ሳይሆን በቁጥሩ ሂዱ፦ 0.0 የሚለውን ፈልጉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሸጡት እንደ ሶፊ ማልት ያሉት የብቅል መጠጦች ደግሞ አልኮል የወጣላቸው ቢራዎች አይደሉም፤ የብቅል ስኳሩ ሳይበላ የቀረባቸው ናቸው፤ ጣፋጭነታቸው ከዚያ ነው። የ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስትና ከጎዳና ሰሌዳ ካስወጣና መሸጫ ዕድሜውን 21 ካደረገ በኋላ እነዚህ መጠጦች ይበልጥ ታይተዋል።

ሳዑዲና ኩዌት ላላችሁ እህቶች ከልቤ የምለው፦ አልኮል በሕግ ክልክል ነው፤ ፖሊስ "ቀሪቦ ነው" የሚል ስም አይሰማም። በእርሾ የተሠራ ቀሪቦም፣ በቤት ሙቀት ያደረ ብርዝም አይኑራችሁ። በ35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ብርዝ በጣም ፈጥኖ ይብላላል። በዕለቱ ተሠርቶ በዕለቱ የሚያልቅ፣ ያለ እርሾ፣ በጋዝ ውሃ የቀጠነ ብቻ ይሁን።

የሙሽራዋ እህት ጠየቀች

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ክሩን ዛሬውኑ ገዛሁ። አንድ የቀረኝ፦ ሠርጉ እሑድ ነው፣ ድንኳኑ ውስጥ ማቀዝቀዣ የለም፣ ከሰዓት ላይ 27 ዲግሪ ይደርሳል። ወፍራሙን ብርዝ ዓርብ ብሠራው ይደርሳል? ድንኳን ውስጥስ ምን ያህል ይቆያል?

እርሾና ስኳር መለሰ

ዓርብ ማታ ደህና ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከእያንዳንዱ ጀሪካን ለፊኛው ናሙና ውሰጂ፤ እሑድ ጠዋት ድረስ ሙሉ ቀን ታያለሽ። ለእያንዳንዱ ፊኛ የጀሪካኑን ቁጥር ጻፊበት።

ወደ ድንኳኑ ሁሉንም አታውጪ። አንድ ጀሪካን ቀጥነሽ 14 ሊትር ስታደርጊው ለ70 ብርሌ ይበቃል፤ እሱ ሊያልቅ ሲል ሌላውን አምጪ። የቀጠነውን ባልዲ በረዶ በሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀምጪው፤ በረዶውን ብርዙ ውስጥ አትጨምሪ፣ ያቀጥነዋል፣ ውሃውም ከየት እንደመጣ አይታወቅም። በበረዶ እንደተከበበ ለ6 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ያለ በረዶ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ከሥር የቀረውን ትርፍ በአዲሱ ላይ አትገልብጪ፤ ባልዲውን አለቅልቀሽ ጀምሪ።

ከየባልዲው አንድ ብርሌ ቀድታችሁ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት። አምቦ ያልገባበት ብርዝ ዝም ያለ ነው። የብርሌው አንገት ውስጥ ቀጭን የአረፋ መስመር ከታች ወደ ላይ ከተሰለፈና ሲሸተት ዳቦ ዳቦ ካለ ጀምሯል። ፊኛው የቆመበትም ጀሪካን እንደዚያው ነው። እሱን ለይተሽ ክሩን ከብርሌዎቹ ፍቺና ወደ ጠጁ ጠረጴዛ አሳልፊው።